የአንጮቴ ሰዎች ማርስ ላይ

ተይው! እሱን አትላጪው። ሌሎቹን ላጪ፣ ቀቅዪ፣ የፈለግሽውን አድርጊያቸው፤ ያን አናቱ ላይ አረንጓዴ ነገር ያወጣውን አንጮቴ ግን ለብቻው አስቀምጪልኝ። ምን አልሽ፣ ተበላሽቷል? ኧረ ወዲያ! እንዲህ የሚያምር ብልሽት የት አይተሻል? ይልቅ ወደ አፍንጫሽ አስጠጊና አሽትቺው። ዝናብ ገና እንዳባራ የጓሮ መሬት ይሸታል አይደል? ካርቶኑን ስከፍት ፊቴን የመታኝ ይሄ ሽታ ነው። ለዚያ ነው ቅድም ቢላዋ ይዤ እንደ ሞኝ ተገትሬ ያገኘሽኝ።

ጣትሽ ላይ የቀረውን አፈር ደግሞ እዪው፣ ቅላቱን! እዚህ ደብረ ብርሃን እንዲህ ያለ አፈር የለም። ይሄ የነቀምቴ አፈር ነው። እኔ አንድ ሰሞን ይሄን አፈር ማርስ ብዬ ነበር የምጠራው። በወንፊት ነፍቼ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ በመዳፌ ደልድዬ ከተማ ቆርቁሬበታለሁ። አትሳቂ፣ የምሬን ነው።

አንቺ ያኔ በእናትሽ፣ በእህቴ ጀርባ ነበርሽ። ቤተሰቡ በሙሉ ገና አንገር ጉቲን ቆላ ላይ ነው፤ አያትሽ በቆሎና ሰሊጥ ያርሳል። እኔ ለትምህርት ነቀምቴ ተላክሁና አባቴ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየልኝ። ሴትዮዋን ሰፈሩ ሁሉ «አዮ» ነበር የሚላት፤ በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው። እኔም ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አዮ አልኳት። ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ ትቆምና «አካም ቡልቴ ኢንተላ ኮ? እንዴት አደርሽ ልጄ? በልተሻል? አልበላሽም፣ ፊትሽ ይናገራል» ትለኛለች። ጠያቂም መላሽም ራሷ ናት። በእጇ ከያዘችው ሳህን አንድ ነገር ካልቀመስኩ ከግቢው አልወጣም።

አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የምትማር። ይህቺ ጓደኛዬ መቀመጥ የሚባል ነገር አታውቅም። ስትበላ ቆማ ነው፣ ስታጠና እየተንጎራደደች ነው፣ ጸሎት ላይ እንኳ እግሯ መሬቱን ይመታል። የፊዚክስ አስተማሪያችን ስለ ማርስ የነገረን ቀን እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ሰው እዚያ ሲሄድ ከነቀምቴ ማን ነው የሚሄደው?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። «እኔ ነኛ!» አለች፣ ተቆጥታ ነው የምልሽ።

ከዚያ የተሳፈርንበት ባጃጅ ተገለበጠ። ከገበያ ስንመለስ ነበር። ዝናብ ባረጠበው ኮብልስቶን ላይ ቁልቁለቱን ስንወርድ ጎማው ተንሸራተተና በጎናችን ወደቅን። እኔ ጭቃዬን ጠራርጌ ተነሣሁ። እሷ አልተነሣችም። ከጉልበቷ በታች እግሯ ተሰብሮ ነበር። የእኔና የእሷ ልዩነት እኮ ያን ቀን በየትኛው በኩል እንደተቀመጥን ብቻ ነበር፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

ሆስፒታል ራጅ ተነሣች፣ እግሯ በጀሶ ታሰረ፣ ወደ ቤት ተመለሰች። አልጋዋ ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር ተዘረጋላት። ጀሶው ቶሎ ይፈታል ተብሎ ነበር፤ ግን አጥንቱ እንቢ አለ። ሐኪሙ ሁለተኛውን ራጅ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «አልገጠመም። በሚቀጥለው ካልተሻለው አዲስ አበባ እንልካታለን። ይከፈትና በብረት ይያዛል» አለ። እግሩ ሊያጥር እንደሚችልም ነገራቸው። አዮ ነጠላዋን አጣፋች። እቤት ደርሰን አዮ ወደ ጓዳ ስትገባ ጓደኛዬ እጄን ሳብ አድርጋ «ሳትዋሺ ንገሪኝ፣ የምራመድ ይመስልሻል?» አለችኝ። «አብሽሪ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

አዮ ግን መልሱን ታውቅ ነበር፤ መልሱ አንጮቴ ነው። አንጮቴ መቼም አሁን እየላጥሽው ነው፤ ሲያዩት ድንች ይመስላል፣ ሥር ነው፣ ሥጋው ነጭ። ወለጋ ውስጥ አጥንቱ የተሰበረ ሰው አንጮቴ ይበላል፣ አራስም ትበላለች። አዮ ጠዋት ቀቅላ በቅቤ ትሰጣታለች፣ ማታ ፈጭታ ታበላታለች።

«በላሁ እኮ አዮ!»

«አንቺ በልተሻል፤ አጥንትሽ አልጠገበም።»

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞራ «በአፍንጫዬ ሊወጣ ነው» ትለኛለች። አዮ ስትወጣ እኔ የድርሻዬን አግዛት ነበር፤ መቼም የእኔ አጥንት በዚያ ዓመት እንደ ጠነከረ ዳግም አልጠነከረም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አዮ የልጇ እጅ ሥራ እንዳይፈታ ብላ አንድ ሰፌድ አንጮቴ አልጋዋ ላይ አስቀመጠችላትና ለመላጫ ምላጭ ሰጠቻት። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግማሹ ተልጧል። አንዱ ቁራጭ ግን ጭንቅላት፣ ሁለት እጅና ሁለት እግር አውጥቶ ጀሶው ላይ ቆሟል። ቁመቱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። እግሯን ያየ ሰው ያ ነጭ ሻካራ ጀሶ የሆነ ባዕድ ምድር፣ ሰውየውም አሁን የደረሰ እንግዳ ይመስለዋል።

«እዪ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ሰው ማርስ ላይ አረፈ።»

በቃ፣ ተያዝን። የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ኤግዚቢሽን ያዘጋጅ ነበር። ጓደኛዬ ማርስ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ሠርታ እንደምታቀርብ ወሰነች። «አንቺ ተሸክመሽ ትወስጂዋለሽ፤ የማስረዳው ግን እኔ ነኝ። በእግሬ ቆሜ። ተቀምጬ ስለ ማርስ አላወራም» አለች። ከዚያ ወዲህ እግርሽ እንዴት ነው ስትባል መልሷ አንድ ሆነ፤ ለኤግዚቢሽኑ ይደርሳል። እኔ ግን ያን በሰማሁ ቁጥር ራሴን እጠይቃለሁ፤ አጥንቱ ባይገጥምስ?

የጎረቤት የቴሌቪዥን ካርቶን ለመንን። በጎኑ አጋደምነውና አንዱን ፊት ቆርጠን ከፈትነው፤ አልጋዋ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። እኔ ከጓሮ አፈር ዛቅሁና በአዮ የዱቄት ወንፊት ነፋሁት፤ ወንፊቱን አጥቤ ቦታው መልሼዋለሁ፣ ቅላቱ ግን እንቢ ብሎ አዮ አንድ ሰሞን «ዛሬ ዱቄቱ ምን ነክቶታል?» ስትል ከረመች። ተራራውን በጋዜጣና በሙጫ ሠራን። ከጀሶዋ ጠርዝ የተፈረፈረው ነጭ ዱቄት በረዶ ሆነ። የተሰበረ ሬዲዮ ከነሆዱ አገኘሁና ያ አረንጓዴ ሰሌዳው፣ በላዩ ላይ ከተደረደሩት ጥቃቅን ነገሮች ጋር፣ ከነመንገዱ ከነሕንፃው ከተማ ሆኖ አረፈው። ምንም አልጨመርንበትም እኮ! መርፌያቸው የተነቀለ ስሪንጆች መንኮራኩር ሆኑ። የቆርኪ ጎማ፣ የመዳብ ሽቦ አንቴና፣ የሲጋራ ወረቀት የፀሐይ ሰሌዳ።

የሚገርምሽ ግን የሰዎቹ ቆብ ነው። ክኒን የሚቀመጥባትን ያቺን ድብልብል ብርሃን የምታሳልፍ ፕላስቲክ ታውቂያታለሽ? ጓደኛዬ የሕመም ማስታገሻዋን ስትውጥ ባዶውን ማሸጊያ አትጥልም ነበር። እያንዳንዷን በምላጭ ቆርጣ ለአንጮቴ ሰዎቿ ራሳቸው ላይ ታጠልቅላቸዋለች። ልክክ! እነዚያን ነጫጭ ሰዎች ያን ብርጭቆ መሳይ ነገር አጥልቀው ቀዩ አፈር ላይ ቆመው ሳያቸው አንገቴ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ።

ባለባጃጁም መጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ የልጆች አባት። ካደጋው ወዲህ አዮን ቀና ብሎ ማየት ተስኖት ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ከበሩ ይመለሳል። አንድ ቀን አዮ «ግባ እንጂ፣ ደጄን ልትጨርሰው ነው እንዴ!» ብላ ጎትታ አስገባችው። ካርቶኑን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ቀረ። በማግስቱ የተገለበጠውን ባጃጅ የፊት መብራት መስታወት በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ፤ መብራቱ ተሰባብሮ መስታወቱ ግን አንድ ጭረት ሳያገኘው ተርፏል። «ይሄ ይጠቅማችኋል?» አለ። ጓደኛዬ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። ከተማው መካከል ደፋነው፤ ጉልላት ሆነ። ሥሩ ምን እንደምናደርግ ስላላወቅን ባዶውን ተውነው፤ መስታወቱ ሸንተረር ሸንተረር ስለሆነ ከውጭ ሆኖ ውስጡን አጥርቶ አያሳይም። ማንም ቢጠይቀን የኦክስጅን ማምረቻ ነው እንላለን ተባባልን።

ታዲያ አዮ እስከዚያ የምታውቀው ልጆቹ በካርቶን እንደሚጫወቱ ነበር። ሰዎቹ ከምን እንደተሠሩ ያወቀችው አንዱ ወለል ላይ ወድቆ ስታነሣው ነው። በጣቶቿ አገላበጠችው። አሸተተችው።

«ማሎ! ይሄ አንጮቴ አይደለም?»

ጓደኛዬ ምላጩን ከብርድ ልብሱ ሥር ደበቀች።

«እኔ ይቺን እግር ላስገጥም ገበያ ለገበያ እንከራተታለሁ፤ እናንተ መድኃኒቷን አሻንጉሊት ትቀርጹበታላችሁ! የእያንዳንዱን ጉልበት እኮ ካጥንትሽ ላይ ነው የቆረጥሽው!» ተቆጣች እንዳትይኝ፣ እንባዋ ነው የመጣው። የፈራችውን ያን ቀን አየሁት፤ ለካ ከእኛ የበለጠ ፈርታለች።

ጓደኛዬ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ «አዮ፣ ቁጭ በይና እዪው። አንዴ ብቻ» አለቻት። አዮ በቁጣዋ ላይ እንዳለች ተቀመጠች። አየች። ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ጥያቄዋ ጀመረ።

«ውኃ ከየት ይቀዳሉ?»

«ከበረዶው።»

«ገበያቸውስ?»

«ማርስ ላይ ገበያ የለም፣ አዮ።»

«ምን ይበላሉ ታዲያ?»

«ክኒን።»

«ክኒን!» አዮ ወደ እኔ ዞረች፣ ከእኔ የተሻለ መልስ የምታገኝ ይመስል። «እናታቸውስ የት አለች?»

«አዮ ደግሞ! ሳይንቲስቶች ናቸው እኮ። እናት ይዘው አይሄዱም።»

አዮ በእጇ የያዘችውን ሰውዬ በጥንቃቄ ቦታው መለሰችው። «እናት የሌለበት አገር ሄደሽ ምን ልትሠሪ ነው?» አለችና ወደ ጓዳዋ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ አንጮቴው አንድም ቃል አልተናገረችም። እንደውም ሰፌዱ ላይ ትንንሾቹን እየመረጠች ወደ ልጇ ጠጋ ታደርግላት ጀመር።

አሁን የቀረን ሰማይ ነበር። የካርቶኑ ጀርባ ባዶ ነው። ጥቁር ቀለም ቀባነው፣ ቆርቆሮ መሰለ። ጥቁር ጨርቅ ሰቀልንበት፣ ሐዘን ቤት መሰለ። ጓደኛዬ ተናዳ ፍራሹን በቡጢ ስትመታው ከፍራሹ ሥር አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። የመጀመሪያው ራጅ ነው፣ ስታየው ስለሚያስጠላት እዚያ ሸጉጣው ነበር፤ ሁለተኛው እዚያው ሆስፒታል ቀርቷል። አወጣችውና ወደ መስኮቱ አነሣችው። ሁለታችንም አፋችን ተከፈተ። ያ ሁሉ ጥቁር፣ ያ ጥልቀት! በመካከሉ ደግሞ ሁለቱ አጥንቶቿ ጎን ለጎን፣ ፈዘዝ ያለ የወተት ብርሃን ይዘው ከላይ እስከ ታች ተዘርግተዋል።

«ፍኖተ ሐሊብ» አለች። መጽሐፋችን ላይ ያየነው ያ የከዋክብት መንገድ ማለቷ ነው።

ካርቶኑን ከኋላ ቀደድንና ራጁን ለጠፍንበት። የአዮን የስፌት መርፌ ይዘን ከዋክብቱን መውጋት ጀመርን። ይሄ የእኔ ሥራ ነበር፤ አንገር ጉቲን ያደገ ሰው ሰማይ ያውቃላ! ሙቀቱ ሲጠና ደጅ ነበር የምንተኛው፣ መብራት የሚባል ነገር የለም፣ ሰማዩ ደረትሽ ላይ ይወርዳል። እኔ እያስታወስኩ «እዚህ ሦስቱ በመስመር፤ እዚህ ጋ ደብዛዛዎቹ ተሰብስበው» እላለሁ፣ እሷ ትወጋለች። አጥንቱ ላይ ስብራቱ ያለበት ቦታ ጥቁር ክፍተት ነበር። እዚያ ስትደርስ እጇ ቆመ። አየችኝ። ከዚያ መርፌውን ትታ በሚስማር ሰፋ አድርጋ ወጋችው። «እዚህ ፀሐይ ትሁን» አለች።

ፀሐይ ወደ መስኮቱ እስክትዞር ጠበቅን። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ካርቶኑ ካርቶን መሆኑ ቀረ። ያ ሁሉ ጨለማ ከዋክብት አፈሰሰ። የወተቱ መንገድ በራ። ከስብራቱ የገባችው ቀጭን ጨረር የባጃጁን መስታወት መታችና ቀዩ አፈር ላይ ተበተነች፤ የአንጮቴ ሰዎቹ ጥላ አወጡ፣ ቆባቸው አብለጨለጨ። እኔና እሷ እጅ ለእጅ ተያይዘን መተንፈስ ፈራን። የሠራነው እኛው እኮ ነን፣ እያንዳንዷን ቆርኪ አውቃታለሁ፤ ግን እመብርሃንን ከእኛ በላይ ነበር። አሁን እንኳ ስነግርሽ ክንዴን እዪው።

አዮን ጠራናት፤ እሷ ጎረቤት ጠራች። ሳሎኑ ሞላ። ባለባጃጁ ኮፍያውን አወለቀ። አንዷ ጎረቤት «ዋቀዮ!» ብላ አፏን ያዘች። አዮ ከሁሉ ፊት ተቀምጣ ዝቅ ባለ ድምፅ የኦሮምኛ መዝሙር ታንጎራጉር ነበር። «ያቺ ነጯ መንገድ ምንድናት?» ብላ ጠየቀች። «የከዋክብት መንገድ ናት፣ አዮ» አልናት። የልጇ አጥንት እንደሆነ አልነገርናትም።

ከዚያ የሆስፒታሉ ቀጠሮ ደረሰ። አዮ ጠዋት ተነሥታ «የመጀመሪያውን ራጅ አምጡ፣ ሐኪሙ ያመሳክራል» አለች። እኔና ጓደኛዬ ተያየን። ምን እናድርግ? ሰማዩን ከካርቶኑ ነቅለን ቡናማው ፖስታ ውስጥ ከተትነው። «ላያየው ይችላል» አለችኝ ባጃጁ ውስጥ፣ ራሷም ሳታምነው።

ሐኪሙ አዲሱን ራጅ አስነሣ። ከዚያ ፖስታውን ከአዮ እጅ ተቀበለ፣ ፊልሙን አወጣ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የራጅ ማያ መብራት አብርቶ ሰካው። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሰዎች ሁሉ ፊት ላይ ጥቃቅን ብርሃን አረፈ።

«እኔ አጥንት ነበር የምፈልገው» አለ በመጨረሻ።

አዮ ወደ መብራቱ ቀረበች። ያቺን ነጭ መንገድ አወቀቻት። እጇን አፏ ላይ ጫነችና ልጇን አየቻት፣ ፊልሙን አየች፣ መልሳ ልጇን አየቻት።

ሐኪሙ በጣቱ ትልቋን ቀዳዳ ነካ። «ስብራቱ ላይ ምንድን ነው ያደረጋችሁት?»

«ጨልሞ ነበር» አለች ጓደኛዬ። «ፀሐይ አደረግንበት።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። አዲሱን ፊልም ከጎኑ ሰካና ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ሁለቱን ያስተያይ ጀመር። በኋላ ጠራንና በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየን። በድሮው ላይ ፀሐያችን በነበረችበት ቦታ፣ በአዲሱ ላይ ነጭ ነገር ተሰብስቧል፣ እንደ ደመና። «ይመልከቱ፣ ይሄ ደመና የሚመስለው አዲስ አጥንት ነው» አላት አዮን። «ይዟል። አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም።»

አዮ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ጓደኛዬ ወንበሯ ላይ እንዳለች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፣ እኔ ሳቅሁ ይሁን አለቀስኩ አላውቅም። ሐኪሙ ስንወጣ ፊልሙን መለሰልንና «ሰማያችሁን እንዳትረሱ» አለን።

ጀሶው ተፈታ፤ በክራንች መቆም ጀመረች። ኤግዚቢሽኑ ሲደርስ ባለባጃጁ ካርቶኑን ጭኖ፣ ሽንት የያዘው ሰው እንኳ በማይታገሠው ዝግታ ቁልቁለቱን አወረደን። አዳራሹ ውስጥ መስኮት ፈልገን ካርቶኑን አስቀመጥን። አስተማሪዎቹ እየዞሩ ይጠይቃሉ። ጓደኛዬ ብብቷ ሥር ክራንቿን ሸጉጣ ቆማለች፣ ላቧ ይንቆረቆራል፣ ግን ቆማለች። ስለ በረዶው፣ ስለ ፀሐይ ሰሌዳው አስረዳች። ከዳኞቹ አንዷ ሴት ጎንበስ አለችና «በዚህ ጉልላት ውስጥ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። መስታወቱ ከውስጥ ጤዛ ይዞ ነበር። ለቀናት እንደዚያ ሲሆን አይተን በእኛ ትንፋሽ ነው ብለን፣ እንዳይሰበር ፈርተን ሳንነካው ነው የመጣነው።

«የኦክስጅን ማምረቻ ነው» አለች ጓደኛዬ ፈጠን ብላ።

«እስኪ ክፈቺው።»

ጓደኛዬ እኔን አየችኝ። ባዶ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መስታወቱን በሁለት እጇ አነሣችው።

ባዶ አልነበረም። አንዲት ሴትዮ ቆማለች። እኛ የሠራናት አይደለችም፤ የእኛ ሰዎች ቀጫጭን ናቸው፣ እሷ ወፍራም፣ ወገቧ ሰፊ፣ ፊቷ በቢላዋ ጫፍ የተጫረ። ከፋሻ የተቀደደ ነጠላ አጣፍታለች። እግሯ እርጥብ አፈር ውስጥ ገብቷል። እኛ የአንጮቴውን አናት ቆርጠን እንጥል ነበር፤ የእሷ ግን አናት ከነልጣጩ ነው። ከዚያ አናት ላይ ሁለት አረንጓዴ ቅጠሎች ወጥተዋል፣ ቀጭን ሐረግም መውጫ ሲፈልግ መስታወቱን እየታከከ ተጠምዝዟል። ማርስ ላይ! ከዚያ ሁሉ ብረትና ፕላስቲክ መካከል እሷ ብቻ ሕይወት ነበራት። የእኛ ሳይንቲስቶች በቆባቸው ውስጥ ጠውልገው፣ ተጨማድደው ነበር።

ዳኛዋ ቀስ ብላ «ማን ናት?» አለች።

ጓደኛዬ አዳራሹ በር ላይ የእሑድ ልብሷን ለብሳ፣ በሰው ትከሻ መካከል አንገቷን አስግጋ የቆመችውን ሴት አየች። ለካ ስንቱን ጠዋት፣ እኛ ትምህርትና እንቅልፍ ላይ ሳለን፣ አዮ መስታወቱን አንሥታ ውኃ ጠብ ታደርግ ነበር።

«እናቴ ናት» አለች።

ክራንቹ ግድግዳው ላይ እንዳለ ያየሁት ያኔ ነው። ጓደኛዬ በአንድ እጇ ጠረጴዛውን ይዛ በሁለት እግሯ ቆማ ነበር፤ ራሷም አላወቀችውም። ሽልማቱን በባትሪ የሚሠራ ወፍጮ የሠሩት ልጆች ወሰዱት፣ ይውሰዱታ! አዮ ወደ ቤት ስንመለስ «እናት አይወስዱም ብላችሁ አልነበር? እኔ ቀድሜያችሁ ሄድኩ» እያለች እስከ ግቢው በር ሳቀችብን።

ያቺን የአንጮቴ ሴትዮ አጥሩ ሥር ተከለቻት። ሐረጉ አጥሩን ወጣ፣ አበበ፣ ፍሬ ያዘ። አዮ ሌላውን እየቆፈረች እሷን ግን ከመሬት አላወጣቻትም፤ ከዓመት ዓመት ከሥሯ ታበቅላለች። ዘሩን ጓሮው ሁሉ ላይ ዘራችው።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ቆላው ሰላም አጣ፣ ቤተሰቡ ተነሣ፣ እዚህ መጣን። እኔ ወደ ነቀምቴ ልመለስ እያልኩ፣ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ይኸው ዓመታቱ ሄዱ። ጓደኛዬ ጊምቢ ፊዚክስ ታስተምራለች። ማርስ አልሄደችም፤ ብርድ ሲሆን እግሯን ያማታል፣ ግን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ አታውቅም አሉ። አዮ ደግሞ መንገድ በተገኘ ቁጥር በሚመጣ ሰው ካርቶን ትልክልኝ ነበር። ሁሌም አንጮቴው ታጥቦ፣ አናቱ በቢላዋ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። መንገድ ላይ ከበቀለ ጉልበቱን ይጨርሳል ትል ነበር።

አዮ በዚህ ክረምት አረፈች። መንገዱ ተዘግቶ ነበርና አልቀበርኳትም።

ዛሬ ካርቶኑ ሲደርሰኝ ለጓደኛዬ ደወልኩላት። ከእናቷ ጓሮ ራሷ ቆፍራ ነው የላከችልኝ። «አንዱ በቅሏል እኮ» አልኳት፣ «አናቱን መቁረጥ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። አዮ አንቺ ያለሽበትን አገር ማየት ትፈልግ ነበር» አለችኝ።

በይ አሁን ያን ባዶ የወተት ጣሳ አምጪልኝ። ካርቶኑ ሥር የቀረውን ቀይ አፈር አንዲት ፍሬ ሳትጥዪ አራግፊበት። ውኃ ትንሽ ጠብ አድርጊበት፣ ብዙ አይደለም። ከዚያ ያን ትልቁን የብርጭቆ ሳህን ገልብጠሽ ከላይ ድፊበት። ቀስ በይ። ብርድ አትወድም።